ጣሳ የደፋንበት ክረምት

ባለፈው ሰሞን ሐይቅ ገበያ ውስጥ የስልኬን ቻርጀር ላሠራ አንዲት ጠባብ ሱቅ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሠሪው ልጅ የብየዳ እርሳሱን በጋለው ብረት ነካ ሲያደርገው ያ ጎምዛዛ፣ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ጭስ ቡልቅ አለ። ሳላስበው ዓይኔ እንባ አቀረረ። «እህት፣ ጭሱ ከበደሽ መሰለኝ፤ ትንሽ ራቅ በይ» አለኝ። ጭሱ አይደለም ልለው አልኩና ተውኩት። ስንቱን አስረድቼ እችለዋለሁ! ለእሱ የእርሳስ ጭስ ነው፤ ለእኔ ግን ሬዲዮ ስንመርጥ፣ አንቴና ስንተክል፣ የአባቴን ስም ስንጠብቅ የከረምንበት የዚያ ክረምት ሽታ ነው።

ቤታችን ከሐይቅ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወደ ውሃው በሚወርደው መንገድ ዳር ነው። ከጀርባው ጉብታ አለ። ነፋስ ይከልልልናል እያልን ስናመሰግነው ኖረን፣ ለካስ የደሴን ሬዲዮም የሚከልልብን እሱ ኖሯል። ይህን ግን ያወቅነው ሲቸግረን ነው። ለውጥ መጣ በተባለ ጊዜ ሰዉ ሁሉ ዲሽ ሲሰቅል አባቴም ሰቀለ፤ የአያቴ አሮጌ ሬዲዮ ጓዳ ተጥሎ ዶሮ ትፈለፍልበት ጀመር። ኋላ በሰሜን ጦርነቱ ተነሣና መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ የኔትወርኩም ማማ ተኛ። ዲሹ ጣሪያው ላይ ዝናብ እያጠራቀመ ለወፎች መታጠቢያ ሆነ።

አባቴ እንድሪስ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። እህል ጭኖ ወደ ሰሜን እንደ ወጣ መንገዱ ከኋላው ተዘጋ። ስልክ የለ፣ የሚመጣ መኪና የለ። ከዚያ በኩል በእግራቸው አቆራርጠው የሚወጡ ሰዎች ግን ነበሩ፤ ደሴ ሲደርሱ አደራ የተባሉትን ስምና መልእክት ለሬዲዮ ጣቢያው ይሰጣሉ። ጣቢያውም ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ያነባቸዋል። ችግሩ አንዴ ካነበበ አይደግምም። የሚነበበው ብዙ ነዋ፤ የአንዱ ሲያልቅ የሌላው ይቀጥላል፣ ያመለጠህ አመለጠህ።

እናቴ ፋጡማ ታዲያ በየቀኑ ሽቅብ ወደ ከተማ እየወጣች፣ ሬዲዮ ያለው ሰው ደጅ ቆማ ታዳምጥ ነበር። አንዳንዱ ግቢ ይላታል፣ አንዳንዱ ይሰለቻታል። አንድ ቀን ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ሆና ስትመለስ አያቴ አዩዋት። አባባ ይመር የአባቴ አባት ናቸው፤ ሰፈሩ ሼህ ይመር ይላቸዋል። ዱዓ ሲሆን የሚቀመጡት ከላይ ነው፤ የተጣላ የሚታረቀው በእሳቸው ነው። ጆሯቸው ከበድ ብሏል፤ ምላሳቸው ግን ምንም አልሆነም።

«ከዛሬ ወዲያ የልጀን ስም ሰው ደጅ ቆመሽ አትሰሚም» አሉ። «ሬዲዮ ይገዛል፤ በቃ!»

በማግስቱ አባባ፣ እናቴና ገና ልጅ የነበርኩት እኔ ሲሳይ ሱቅ ሄድን። ሲሳይ ሬዲዮና ቴፕ ይሸጣል፣ ይጠግናልም። ራሱን ማሞገስ የሚወድ፣ «እኔ ከፍቼ ያልመለስኩት ሬዲዮ ገና አልተሠራም» የሚል ሰው ነው። ገና ስንገባ ዓይኔ በመኪና ባትሪ እየሠራ ቀይና ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም የሚያደርግ አንድ ትልቅ ቴፕ ላይ ቀረ። ልቤ ጠፋ! ትልቅ ጆንያ ብዙ እህል እንደሚይዝ፣ ትልቅ ሬዲዮም ብዙ ጣቢያ የሚይዝ ይመስለኝ ነበር፤ መብራቶቹ ደግሞ ውስጡ የተቀመጡት ሰዎች ፋኖስ። አባባም ወደዱት። በወጣትነታቸው በቅሎ ነጋዴ ስለ ነበሩ ከፊት አዩት፣ ከኋላ አዩት፣ ጎኑን መታ መታ አደረጉት፤ አፍ ቢኖረው ጥርሱን ያዩለት ነበር።

«ድምፁን ከፍ አርገው እስቲ» አሉት። ሲሳይ ከፍ ሲያደርገው ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። አባባ በደስታ ፈገግ አሉ፤ ሰምተውታላ!

«ሼህ ይመር፣ አይሸወዱ» አለ ሲሳይ። «ጩኸቱ የስፒከሩ ነው። ጣቢያ መያዝ ሌላ ሙያ ነው።»

«ሻጭ ደጅ ሁሉም በቅሎ ትሰግራለች» አሉ አባባ። «ቤት ወስጀ ልሞክረው። ቁልቁለቱን ከቻለ ይገዛል፤ ካልቻለ ያንተው ነው።»

ወሰድነው። አባቴ ከአሮጌ መኪናው አውጥቶ የተወው ባትሪ ቤት ነበረን፤ በትንሿ ሶላር እየሞላን አምፖል እናበራበታለን። ከእሱ ጋር አገናኘነው። ያ ሲሳይ ሱቅ ውስጥ ሲያገሳ የነበረ ቴፕ እኛ ቤት ሲገባ አንደበቱ ተሳሰረ። ሻሻሻ ይላል፤ አልፎ አልፎ ዘፈንና ዜና አንድ ላይ ይመጡና እንደ ጣውንት ይነታረካሉ። መብራቶቹ ግን መጨፈራቸውን አላቆሙም። እናቴ ጆሮዋን አስጠግታ አስጠግታ በመጨረሻ ቀና አለች።

«አባባ፣ ይኸ ነገር የሚያሰማን ዝናቡን ነው። ዝናቡንማ ያለሱም እንሰማዋለን» አለች።

ስንመልሰው ሲሳይ ምንም አልደነቀውም። ከመደርደሪያ ሥር አመድማ፣ ጠፍጣፋ፣ ምንም የማያምር ነገር አወጣ። ከአንድ ሆቴል የወጣ ቲዩነር ነው አለን። ካሴት አያጫውት፣ ሲዲ አይጎርስ፤ ሥራው ጣቢያ መያዝ ብቻ ነው፤ የራሱ ስፒከር እንኳ የለውም። ቁልፉን ቀስ እያደረገ ሲያዞረው ከመስተዋቱ ጀርባ ቀጭን መርፌ ትሄዳለች። ጣቢያው ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ጥርት ብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ዝም ይልና ቀጣዩ ለብቻው ይመጣል።

«አያችሁ፣ አንዱ ባንዱ ላይ አይወጣም» አለ። «ሬዲዮ ስትገዙ መብራቱን ሳይሆን ጀርባውን እዩ። አንቴና የሚታሰርበት ቡሎን ያለው ይሁን። ጉብታ ሥር ላለ ቤት ያች የምትመዘዘዋ ዘንግ ብቻዋን ምንም አታደርግላችሁ።»

አባባ ፊታቸውን አኮሳተሩ። «ድምፅ የሌለው ሬዲዮ ምን ይባላል? ዲዳ አስተርጓሚ ልትሸጥልኝ ነው?»

ያኔ እናቴ አማቷ ፊት ተናግራ የማታውቀውን ተናገረች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ «አባባ፣ የሚጮህ አይደለም የምፈልገው። የሚለይ ነው። እኔ የምሰማው ስም ነው» አለች።

አባባ ጢማቸውን አሻሹ። «እንደ ፋጡማ ይሁን» አሉና ወጡ። እኔ በመብራታሙ ቴፕ እያለቀስኩ ነበር፤ ማንም ዞር ብሎ ያየኝ የለም።

ሲሳይ ራሱ መጥቶ ገጠመልን። ከባትሪው እንዲሠራ አድርጎ ሽቦ በየዳለት፣ ከአሮጌው ቴሌቪዥን ስፒከር አውጥቶ ቀጠለለት፤ ያን ጊዜ ነው የእርሳሱ ጭስ ቤቱን ሞልቶ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ የቀረው። ለአንቴናው ሁለት የመዳብ ሽቦ ግራና ቀኝ በጣውላ ላይ ዘረጋ። «ከጫፍ ጫፍ ሦስት ክንድ፤ ከዚያ አይለፍ» ሲል አባባ ክንዳቸውን ዘረጉለት። «የእርስዎ ክንድ ለሁለት ሰው ይበቃል» ብሎ በሜትር ለካው። ከዚያ ረጅም የባሕር ዛፍ ምሰሶ ጫፍ ላይ አስሮ፣ ከአጥሩ ጋር በገመድ ወጥሮ አቆመው። «ደረቱን ለደሴ ይስጥ። እጁን ወደ ደሴ ከቀሰረ ምንም አይሰማም» አለን። እውነትም እጁን ዘርግቶ ሰው የሚቀበል ይመስል ነበር። እኔ ደግሞ ድምፅ የሚገባበት ነገር ድምፅም የሚወጣበት መስሎኝ፣ ሰው በሌለበት ከምሰሶው ሥር ቆሜ ሽቅብ «አባዬ! ቶሎ ና!» እያልኩ እጮህ ነበር።

ሲሳይ መርፌዋን ሲያቆማት በደሴ ጣቢያ ስም የምታነበው ሴትዮ ድምፅ ቤታችን ገብታ የተቀመጠች ያህል ጠርቶ መጣ። እናቴ «አልሐምዱሊላህ» ብላ መደብ ላይ ተቀመጠች፤ ያለቀሰችው ያኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን ሥራ ሁሉ ይቆማል። አባባ ከዐስር ሰላት መልስ ይቀመጣሉ፤ ባይሰሙም የእናቴን ፊት ያያሉ። ስሞች ይነበባሉ፤ የመርሳ፣ የወልዲያ፣ የውጫሌ። የእኛ የለም። እናቴ ሬዲዮውን ትዘጋና «ነገ፣ ኢንሻአላህ» ትላለች።

እንዲህ ስንል ዝናቡ ጠነከረ። ሽቦዎቹ የተጋጠሙበት ቦታ ውሃ ሲገባው ድምፁ መንተባተብ ጀመረ። ላስቲክ ጠቀለልንበት፤ የሐይቁ ነፋስ ቀዳዶ ጣለው። እናቴ ታዲያ ምን አደረገች? ምሰሶውን አስወርዳ፣ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ጫፉ ላይ ደፍታ፣ መልሳ አስቆመችው። ድምፁ ተስተካከለ። እሰይ አልን።

በገበያው ቀን ከቀትር በኋላ አንድ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ግቢያችን ዘው ብለው ገቡ።

«ቤቶች! ጠላው ደርሷል?»

አባባ ከበረንዳው ላይ ውዱእ እያደረጉ ነበር። እኔ «የምን ጠላ?» አልኩ።

«እንዴ! ጣሳ ደፍታችሁ የምን ጠላ ትላለች እንዴ ይቺ!»

ያኔ ገባኝ። በእኛ አገር ከደጅ እንጨት ተክለህ ጣሳ ከደፋህበት ጠላ ቤት ነህ፤ ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልግም። ደግሞ የእኛ ምሰሶ እንዴት ያለ ምሰሶ! ከዋናው መንገድ ይታያል። አባባ የተባለውን በጆሯቸው ጮክ ብዬ ስነግራቸው ማሰሮው ከእጃቸው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። «አስተግፊሩላህ!» አሉ። ሽማግሌውን ግን ባዶ አፋቸውን አልሸኟቸውም፤ እርጎ ተሰጣቸው። እርጎውን ጠጥተው ቅር እያላቸው ሄዱ።

እኒያ ሄዱ ሌላው መጣ። ጎረቤታችን እትየ ጥሩወርቅ የሰፈሩ ባለጠላ ነበሩ፤ አጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «ሼህ ይመር! በእርጅናዎ ገበያየን ሊነጥቁኝ ነው? ጌሾ ካነሰዎ ከኔ ይውሰዱ እንጂ!» እያሉ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። የእሳቸውስ ሳቅ ነው፤ ክፋት የለውም። ሌላው ሰው ግን ማንሾካሾክ ጀመረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አባባ ከሁሉ በኋላ ነው የሰሙት። አንድ ጁምዓ ከመስጊድ ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

«ፋጡማ፣ ያን ጣሳ አውርጅው። በዚህ ዕድሜየ ሼህ ይመር ጠላ ነጋዴ ሆኑ ልባል?»

«እሽ አባባ፣ አወርደዋለሁ» አለች እናቴ።

«ቅል ስቀይበት።»

«ቅልማ የባሰ ነው አባባ። ቅል ያየ ጠጪ ጭራሽ ዘፍኖ ነው የሚገባው።» ከዚያ ወደ ሰማይ እያሳየች፣ «አወርደዋለሁ። ግን ደመናውን ይዩት። ዛሬ ዝናብ ነው። የእንድሪስ ስም የሚጠራው ዛሬ ቢሆንስ?» አለች።

አባባ ደመናውን አዩት። ጣሳውን አዩት። እኔን አዩኝ። ኩሩ ሰው ነበሩ፤ ከሰው ፊት ሻሻቸው ሳይታጠብ የማይወጡ ሰው። በመጨረሻ፣ «የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ» አሉ። «ተይው። የኔ ስም ይጥፋ፣ የልጀ ስም ይሰማ።» ከዚያ በኋላ ጠላ ብሎ የመጣውን ሁሉ ራሳቸው በር ላይ ተቀብለው፣ «ጠላ የለም፤ ዝናብ ግን ነውና ግባ፣ ተጠለል» ይሉት ጀመር። ዛሬ ሳስበው እንዴት ያለ ሰው ነበሩ እላለሁ።

እንዲህ ባለ ቀን ነው እንግዲህ፣ የሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ሞተው አባባ ቀብር ሄዱ፣ እናቴ ለቅሶ ቤት ገባች። ለቅሶ አይቀርም። ስትወጣ አገጬን ይዛ፣ «ሐዋየ፣ ጆሮሽን ከዚህ ሬዲዮ እንዳታነሽ። የአባትሽን ስም ከሰማሽ የሚሉትን ሁሉ ያዥ። አይደግሙትም» አለችኝ። ቀብሩ ዘግይቶ ኖሮ አባባ የተመለሱት ፕሮግራሙ ሊጀምር ሲል ነው። ጥግ ይዘው ዐስርን ቆሙ።

ሴትዮዋ ስሞቹን ማንበብ ስትጀምር ነፋሱ ከሐይቁ ተነሣ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ያዘ። ድምፁ ተቆረጠ። ሮጬ ወጣሁ። አንደኛው ገመድ ተፈትቶ ምሰሶው ተዘንብሏል፤ ደረቱን ለደሴ መስጠቱ ቀርቶ ሐይቁን እያየ ነው። አቅፌ ቀና አደረግሁትና አዞርኩት፤ ከውስጥ የድምፅ ሽውታ ተሰማኝ። ስለቀው ጠፋ። እንደገና ያዝኩት። ወይ ጉድ! ስይዘው ቤት ውስጥ ይሰማል፣ እኔ ግን በዝናቡ ጩኸት ቃሉን አልለየውም፤ ስለቀው ደግሞ ጨርሶ የለም። «አባባ!» ብዬ ጮህኩ። አባባ ሰላት ላይ ናቸው፤ ባይሆኑስ በምን ጆሯቸው። ምሰሶውን አቅፌ ማልቀስ ጀመርኩ።

ያኔ አንድ ሰው ማዳበሪያ ጆንያ ራሱ ላይ አጥልቆ በአጥሩ በር ብቅ አለ። ሌላ ቦታ ጀምሮ የመጣ መሆኑን እግሩ ይናገራል።

«ቤቶች፣ በዚህ ዝናብ… አንድ ጣሳ ጠላ…»

«ጠላ የለም!» አልኩት። በትልቅ ሰው ላይ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። «ይግቡና ይስሙልኝ!»

«ምኑን ነው የምሰማው?»

«ሬዲዮውን! እኔ ይኸን ምሰሶ ከለቀቅሁት ይጠፋል! እንድሪስ ይመር ካሉ የሚሉትን ሁሉ ይያዙልኝ! አባቴ ነው!»

ሰውየው ምሰሶውን አየ፤ እኔን አየ። ስካሩ ከፊቱ ላይ ወዴት እንደ ሄደ እንጃ። ጆንያውን ከራሱ አወለቀና ራሴ ላይ ደፋልኝ፤ ጎንበስ ብሎ ገባ።

እጄ ደነዘዘ። ውሃው በአንገቴ ይወርዳል። ያ ሁሉ ጊዜ ምን ያህል እንደ ነበር አላውቅም፤ ለእኔ ክረምቱን የሚያህል ነበር። በኋላ ሰውየው ራሱን ሳይሸፍን ዝናቡ ውስጥ ወጣ።

«አንቺ ልጅ! እንድሪስ ይመር ብላለች! የሐይቁ! ደህና ነኝ ብሏል!»

ምሰሶውን አልለቀቅሁም። የሰከረ ሰው ነው፤ ሳለቅስ አይቶ ሊያስደስተኝ ቢሆንስ? «ሌላስ? ሌላ ምን አለ?» አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። «ቆይ… አባቴ ዱዓ ያድርጉልኝ። ፋጡማን አብሽሪ በሉልኝ። ለሐዋ… አዎ፣ ለሐዋ ጫማዋን ገዝቻለሁ በሉልኝ። ሐዋ ማናት?»

የእናቴን ስም የነገረው የለም። የእኔንም። ጫማውንማ ጭራሽ እናቴም አታውቀውም፤ አባቴ ሊሄድ ሲል ጋቢናው ድረስ ተንጠላጥዬ በጆሮው የነገርኩት ነው። ምሰሶውን ለቀቅሁት። አጥሩ ላይ ተጋደመ። የሰውየው አንገት ላይ ተጠመጠምኩ።

አባባ ሰላታቸውን ቀኝና ግራ አሰላምተው ወደ በሩ ሲመጡ፣ አንቴናው ወድቋል፣ የልጅ ልጃቸው ጠላ ጠላ የሚሸት ሰው አንገት ላይ ናት። ምን ሊያስቡ ይችላሉ! ጆሯቸው ሥር ገብቼ «አባቴ ደህና ነው! ተጠራ!» ብዬ ጮህኩ። እየደጋገምኩ ነገርኳቸው። ደፉ ላይ ቁጭ አሉና ሳይደብቁ፣ ሳያፍሩ፣ እንደ ልጅ አለቀሱ። እናቴ ከለቅሶ ቤት እየሮጠች መጣች። ሰውየውን አስቀምጣ ያለውን ሁሉ አስደገመችው፤ ደግማም አስደገመችው። አንዲት ቃል አላጎደለም።

«ምን ላርግልህ ወንድሜ?» አሉት አባባ። «ማር አለ፣ ወተት አለ፤ በግ ልረድልህ?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። «ኧረ ምንም አባባ። እኔማ… ለጠላ ነበር የመጣሁት።»

አባባ ተነሥተው ሻሻቸውን አስተካከሉ። እጁን ያዙት። ሰፈሩ ሁሉ እያየ፣ በዝናቡ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው እትየ ጥሩወርቅ ደጅ ድረስ ሄዱ። ከበሩ አላለፉም። «ጥሩወርቅ!» ብለው ተጣሩ። «ይኸ የኔ እንግዳ ነው። ከኔ ቤት የፈለገውን አጣ፤ ካንቺ ዘንድ እንዳያጣ።» እትየ ጥሩወርቅ ዕድሜ ልካቸውን ሲቀልዱ የኖሩ ሴት፣ ያን ቀን ብቻ ቀልድ ጠፋቸው። «ይግባ ሼህ ይመር። ይግባ» አሉ።

አባቴ መኪናውን ጥሎ፣ ጫማዬን በፌስታል ይዞ፣ በእግሩ መጣ። ጫማው ጠበበኝ፤ አደረግሁት። ጦርነቱ በኋላ ወደ እኛም ዘልቋል፤ እሱን እዚህ አላወራውም። እዚህ የማወራው ስለዚያ ሰው ነው። ያን ሁሉ ጊዜ የሰው ስም ስንጠብቅ ከርመን፣ የእሱን ስም ሳንጠይቀው ሄደ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ዱዓ ላይ የሁላችንን ስም ከጠራች በኋላ፣ «ያ ረቢ፣ ያን ጠላ ፈላጊ ባለበት ጠብቅልኝ፤ የፈለገውን አታሳጣው» ትላለች። አባባም በሕይወት ሳሉ እንዲሰሙ እሷ አጠገብ ተጠግተው ይቀመጡ ነበር፤ ያችን ስትል ከሁሉም በላይ ጮክ ብለው «አሚን!» የሚሉት እሳቸው ነበሩ።